የሽጉጣችሁ መርፌ «ላልቷል» ያላችሁን ሰው አትመኑት

ይህን የምጽፈው ቤቱ ፈቃድ ያለው የአባት ሽጉጥ ላለው የድሬ ሰው ነው። ፈቃድ የሌለው የጦር መሣሪያ አዋጁን፣ ቁጥር 1177/2012ን፣ ያንብብ፤ የእሱ ጣጣ ሌላ ነው።

የእኔ ከአባቴ የወረስኩት፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ስድስት ጎራሽ ነው። ፈቃዱ በስሜ ዞሯል። ዓመቱን ሙሉ ሣጥን ውስጥ ይተኛል። በቀደም አውጥቼ ሳጸዳው መዶሻው ላይ ያለችው፣ ጥይቱን የምትመታው መርፌ በጣት ስትነካ ወደ ላይና ወደ ታች ትወዛወዛለች። ደነገጥኩ። ሰው ጠይቄ መጋላ አካባቢ «ሽጉጥ ያውቃል» ወደተባለ ሰውዬ ሄድኩ።

ሰውዬው ነካ አደረጋትና ራሱን ነቀነቀ። «ላልቷል። አንድ ቀን ጣትህን ይበላሃል።» 4,500 ብር ጠየቀኝ፤ ተከራክሬ በ3,500 ጨረስኩ። መርፌዋን ከመዶሻው ጋር በየዳት። ንቅንቅ የለም! ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ባዶውን ቃታ ስስብ «ቀጭ» አለ። የመርፌዋ ጫፍ ተሰብሯል። መልሼ ስወስድለት አላፈረም። «የድሮ ብረት ነዋ፣ ተበልቷል» ብሎ በላስቲክ የታሸገ «ኦርጅናል» መርፌ አወጣ። 6,000 ብር። ትንሽ ሞላ ያላት አጭር ዘንግ ናት። የእኔ ሽጉጥ ላይ ደግሞ የምትገባበት ቦታ የለም። ሰውዬው ድሪል አነሳ! «ትንሽ እንበሳለታለን» አለኝ። ሽጉጤን ነጥቄ ወጣሁ።

ከዚራ የሚኖሩ፣ ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ ያረጁ አንድ ጋሼ አሉ። ጉዳዩን ስነግራቸው ሻያቸው እስኪፈስ ሳቁ። «በር ላይ ሚስማር ምታና በሩን ዝጋው። ሚስማሩ ቀጥ ብሎ ነው ወይስ ዞሮ የሚመጣው?» አሉኝ። ዞሮ ነዋ። መዶሻውም እንደዚያው ነው። በቅስት ይመጣል፤ መርፌዋ የምታልፍበት ቀዳዳ ግን ቀጥ ያለ ነው። መርፌዋ ትንሽ ካልተወዛወዘች ጫፏ የቀዳዳውን ከንፈር ትመታለች። ስለዚህ ፋብሪካው ራሱ ሆን ብሎ ላላ አድርጎ ነው በሪቬት የያዛት። እኔ 3,500 ብር የከፈልኩት ደህናውን ለማስበላሸት ነው።

ያቺ «ኦርጅናል» የተባለችውም ምናልባት ሐሰተኛ አይደለችም። የሌላ ሽጉጥ ናት እንጂ። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ መርፌዋን ከመዶሻው አንስቶ ሽጉጡ አካል ውስጥ ከሞላ ጋር አስገባት። ስሙ ያው፣ መልኩም ያው ነው ማለት ይቻላል፤ መለዋወጫው ግን አይገናኝም። ለመለየት መዶሻውን ከፊት ማየት ይበቃል። እንደ ወፍ ምንቃር የወጣ ነገር ካለው የድሮው ነው። ፊቱ ጠፍጣፋ ከሆነ መርፌዋ ያለችው አካሉ ውስጥ ነው። ይህን ከማየታችሁ በፊት ጥይቱን አውጡ፤ ስድስቱንም የጥይት ቀዳዳ ቁጠሩ፣ ሌላ ሰውም ይቁጠርላችሁ።

ሰውዬው ሌላም ነገር ብሎኝ ነበር። «የድሮው ጠንካራ ነው፣ ቢወድቅም አይተኩስም።» ይህ ከገንዘቡ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የዚሁ ኩባንያ ሽጉጥ መርከብ ላይ ወድቆ ተኩሶ አንድ አሜሪካዊ ባሕረኛ ገድሏል። ከዚያ በኋላ ነው መዶሻውን የሚያግደው ብረት በአዲስ መልክ የተሠራው። ሩገር የሚባለው ፋብሪካም የካውቦይ ዓይነት ሽጉጦቹን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1973 ለውጧል፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ስድስት ጥይት ጎርሰው ከወደቁ አደጋ ናቸው። የእናንተ መቼ እንደተሠራ ካላወቃችሁ በመዶሻው ትይዩ ያለውን የጥይት ቀዳዳ ባዶ ተዉት። እኔማ አሁን ስድስቱንም ባዶ አድርጌዋለሁ።

ብሩን መልስልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ ሱቁ ዝግ ነው። ትናንት ግን ራሱ ደወለልኝ። ይቅርታ ሊለኝ መስሎኝ ነበር።

«ከተበላሸ ምን ያደርግልሃል? ለመለዋወጫ በ15,000 ልውሰደው። ወረቀቱ አንተ ጋ ይቅር።»

ፈቃዱ በእኔ ስም፣ ሽጉጡ በእሱ እጅ! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።