መንአፍሪቫክ፦ በፑኔ የተመረተው የማጅራት ገትር ክትባት ሲመዘን

መንአፍሪቫክ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋውና የጤና ባለሙያዎች «የማጅራት ገትር ቀበቶ» በሚሉት ምድር፣ በየበጋው ሕፃናትንና ወጣቶችን ይቀጥፍ የነበረውን የኤ ዝርያ ባክቴሪያ ለመግታት የተሠራ ክትባት ነው። አምራቹ ሕንድ ውስጥ በፑኔ ከተማ የሚገኘው ሴረም ኢንስቲትዩት ነው። በማደግ ላይ ባለ ሀገር ያለ ኩባንያ ከውጭ የምርምር ተቋማት ጋር ሲጣመር ምን ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምርት ስለማላውቅ፣ ክትባቱን ከዋጋው፣ ከአያያዙና ከውጤቱ አንጻር መገምገም ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ዋጋው ለብቻው ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ1997 በቀበቶው የተነሳው ወረርሽኝ ከ250 ሺህ በላይ ሰዎችን አሳምሞ 25 ሺህ ያህሉን ከገደለ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ፓዝ የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት በ2001 ከጌትስ ፋውንዴሽን ባገኙት 70 ሚሊዮን ዶላር የማጅራት ገትር ክትባት ፕሮጀክትን አቋቋሙ። የአፍሪካ የጤና ባለሥልጣናት በዚያን ጊዜ ያቀረቡት ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ አንዱ ክትባት ከግማሽ ዶላር በላይ ከሆነ ሀገሮቻቸው ሊገዙት አይችሉም። ታላላቆቹ የምዕራብ አምራቾች በዚህ ዋጋ ለመሥራት ፈቃደኛ ስላልሆኑ ሥራው ወደ ፑኔ ሄደ፤ ክትባቱም በመጨረሻ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም ባነሰ ዋጋ ቀረበ። ከሁሉ በላይ የማደንቀው ይህን ቅደም ተከተል ነው። የገዢው አቅም አስቀድሞ ታወቀ፣ ቤተ ሙከራውም ለዚያ አቅም የሚመጥን ዘዴ እንዲፈልግ ተገደደ።

ዘዴው የተገኘው ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ነው። የባክቴሪያው የስኳር ሽፋን ብቻውን ሲሰጥ የሕፃናት ሰውነት በሚገባ አይለየውም፤ ከፕሮቲን ጋር ሲጣመር ግን ጠንካራና ዘላቂ መከላከያ ያስገኛል። ተመራማሪዎቹ ይህን ማጣመር በአነስተኛ ወጪ የሚፈጽሙበትን ስልት ለሴረም ባለሙያዎች አስተላለፉ። የስኳሩን ሽፋን በመጀመሪያ ያቀረበው አምስተርዳም የሚገኘው ሲንኮ የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ ለማጣመሪያ የሚያገለግለውን የመንጋጋ ቆልፍ ፕሮቲን ግን ሴረም ቀድሞውንም በብዛት ያመርተው ነበር። ኩባንያው ወደ ጥምረቱ የገባው የራሱን አቅም ይዞ ነው ማለት ነው፤ የተቀበለውን ዕውቀትም በፍጥነት ሊጠቀምበት የቻለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የሰው ላይ ሙከራው በሕንድ ተጀምሮ ወደ ማሊ፣ ጋምቢያና ሴኔጋል ተሻገረ፤ በታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዘመቻው በቡርኪና ፋሶ በይፋ ተከፈተ። ኢትዮጵያም በ2013 ክትባቱን በዘመቻ መስጠት ጀመረች።

በአያያዝ ረገድ ያለው ብልጫ ለእኛ ገጠር ትልቅ ትርጉም አለው። ክትባቱ እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት እስከ 4 ቀን ከማቀዝቀዣ ውጭ መቆየት እንዲችል በ2012 ተፈቅዶለታል። መብራት በሌለበት ቀበሌ በረዶ ተሸክሞ መሄድ የዘመቻ ሠራተኞችን ምን ያህል እንደሚያደክም ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ፈቃድ ከዋጋው ቅናሽ የማይተናነስ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል በአሥር ሰው መጠን የሚመጣው ብልቃጥ ዱቄቱ ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ስለሚጣል፣ ተከታቢው ጥቂት በሆነበት ጣቢያ ብክነት ያስከትላል።

ውጤቱ አከራካሪ አይደለም። በቻድ የተካሄደ ጥናት ክትባቱ በተሰጠባቸው አካባቢዎች የማጅራት ገትር በሽታ በ94 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል፤ በቀበቶው ውስጥም ከ2017 ወዲህ በቤተ ሙከራ የተረጋገጠ የኤ ዝርያ ሕመም አልተመዘገበም።

ዋናው ጉድለቱ ከአንድ ዝርያ በቀር አለመከላከሉ ነው። በ2015 ኒጀርን የመታው የሲ ዝርያ ወረርሽኝ ከ8 ሺህ በላይ ሰዎችን ሲያሳምም መንአፍሪቫክ ምንም ሊያግዝ አልቻለም። ሴረምና ፓዝ በብሪታንያ መንግሥት ድጋፍ ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩ፣ ዋይ እና ኤክስ የተባሉትን አምስት ዝርያዎች የሚከላከለውን መንፋይቭ የሠሩት ይህን ክፍተት ለመሙላት ሲሆን፣ ናይጄሪያ በ2024 ከሁሉም ሀገሮች ቀድማ ተጠቅማበታለች። ዋጋው ግን ከቀዳሚው በብዙ ይበልጣል፤ ያ የግማሽ ዶላር ጥብቅ ገደብ በአዲሱ ምርት ላይ አለመጠበቁ ያሳስበኛል። ከዚህም በላይ የሚያሳዝነኝ፣ አፍሪካውያን በሙከራው በበጎ ፈቃድ ተሳትፈው፣ የምርምር ማዕከሎቻቸውም ሙከራውን በብቃት መርተው ሳለ፣ ክትባቱን የማምረት ዕውቀት የተላለፈው ወደ ፑኔ ብቻ መሆኑ ነው። ሴረም ከአሜሪካና ከኔዘርላንድስ የተማረበት መንገድ በአዲስ አበባ ወይም በዳካር ላለ አምራችም ሊከፈት ይችል ነበር፤ ቀጣዩ የጥምረት ውል ሲፈረም የጤና ሚኒስትሮቻችን ከዋጋው ጎን ለጎን ይህንንም በጽሑፍ ሊጠይቁ ይገባል።