ውኃ የጠጣችውን ቪትዜን ያዳነልኝ ጋራዥ

ጋራዡ የስም ሰሌዳ የለውም። ጅማ ውስጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ቆርቆሮ አጥር ላይ የጭነት መኪና ጎማ ተሰቅሎ ስታዩ ደርሳችኋል። ግቢው ጭቃ ነው። ለደንበኛ መቀመጫ የተባለው አንድ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንዴላና ብሎን ተቀምጦበት ስለሚውል እናንተ ትቆማላችሁ። ይህን ሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ኋላ እንዳትወቅሱኝ ነው።

እዚያ ያደረሰኝ የሐምሌ ዝናብ ነው። ጅማ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ስለሚወርድብን፣ ሐምሌ ሲገባ ሁላችንም የጎርፍ ሊቅ የሆንን ይመስለናል። ለምርቃት ድግስ የታዘዘ ስድስት ድፎ ዳቦ ከኋላ ወንበር ጭኜ ስሄድ፣ መንገዱን ቡናማ ውኃ ሞልቶት አገኘሁት። ሥሩ አይታይም። ከፊቴ አንድ ባጃጅ እየተንገዳገደ ሲያልፍ አየሁና “እሱ ካለፈ እኔማ” ብዬ ገባሁ። መሃል ላይ ስደርስ አንድ ሲኖ ትራክ ከፊት ለፊቴ ፍጥነቱን ሳይቀንስ መጣ። የገፋው ውኃ ኮፈኑን አልፎ መስታወቱን መታው። ሞተሩ አንዴ ተንቀጠቀጠና ዝም አለ።

ቁልፉን አዞርኩ። “ጠቅ” አለ እንጂ አልተነሣም። ደግሜ ላዞር ስል በበሩ ሥር የገባው ውኃ እግሬን ነካው፤ ያኔ ቁልፉን ትቼ ዳቦውን ወደ ላይ ማንሣት ጀመርኩ። መኪናዬን ያተረፋት ድፎ ዳቦ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ወጣቶች ገፍተው አወጡኝ፤ በገመድ ተጎትቼ ጋራዡ ደረስኩ። አንድ ሌላ ጋራዥ መኪናዋን ሳያይ በስልክ ብቻ “ሞተሩ ወርዶ ይፈታል” ብሎኝ ስለነበር እንባዬ ቀርቦ ነበር። ባለቤቱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ “ከቆመች በኋላ ስንት ጊዜ አዞርሽ?” አሉኝ።

“አንድ ጊዜ፣ ጋሼ።”

“እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጄ።”

“አንድ ጊዜ።”

ከመሣቢያ ትልቅ ሲሪንጅ አወጡ። ጫፉን በአውራ ጣታቸው ደፍነው ገፉት፤ አየሩ ታምቆ እስከ ግማሽ ሄደ። ውኃ ሞሉበትና ጫፉን መልሰው ደፍነው “አሁን አንቺ ግፊው” አሉኝ። በሁለት እጄ ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ፒስቶን ውኃ ሲገጥመው እንዲሁ መሄጃ ያጣል፤ ሞተሩ በግድ ሲዞር ፒስቶኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ቢዬላው፣ ይጣመማል። ስምንት ዓመት ስነዳ ይህን ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን አራቱንም ካንዴላ ነቀሉ፤ ሞተሩን መጀመሪያ በቁልፍ መፍቻ፣ በእጃቸው፣ ቀስ ብለው አዞሩት። በነጻነት ሲዞር ካዩ በኋላ ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ አስነሡ፤ ከአራቱ የካንዴላ ቀዳዳዎች በሁለቱ ውኃው እስከ ጣሪያው ቆርቆሮ ተረጨ። ዘይቱ ሲወርድ ማኪያቶ መስሎ ነበር። አዲስ ዘይት ጨምረው ለጥቂት ጊዜ ካስነሡ በኋላ እሱንም አፍስሰው ከነፊልትሮው ቀየሩት። ሁለተኛው ዘይት ብክነት መስሎኝ ተከራክሬ ነበር፤ የወጣውን ሲያሳዩኝ እሱም ደብዝዞ ነበር፤ አፈርኩ። የኋላውን ፍሬን ከፍተው ጭቃውን አጸዱ። ለእጅ ሥራ የከፈልኩት 2,500 ብር ነው፤ ዘይቱንና ፊልትሮውን ራሴ ገዛሁ።

ቅሬታም አለኝ። “ነገ ውሰጃት” ያሉኝ መኪና ሦስት ቀን ቆየች፤ ስልክ አያነሡም፤ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። የወለሉን ምንጣፍ ማንም ስላላነሣው መኪናዋ እስከ መስቀል ሻገተች።

ልወጣ ስል ጃንጥላዬን ተቀብለው ከመንኮራኩሩ አጠገብ አቆሙትና በቀለም ሁለት መስመር አሰመሩበት። የታችኛው ከመኪናዋ ሆድ ትክክል ነው፣ 15 ሳንቲሜትር ገደማ። የላይኛው የመንኮራኩሩ እምብርት ላይ ይደርሳል፣ ወደ 30 ሳንቲሜትር። ወራጅ ውኃ ከሆነ ከታችኛው መስመር በላይ አይገባም፤ 30 ሳንቲሜትር ያህሉ ትንሽ መኪና አንሳፍፎ ሊወስድ ይችላል። የተኛ ውኃ ከሆነ በመስመሮቹ መካከል እስካለ ድረስ በአንደኛ ማርሽ፣ ማርሽ ሳይቀይሩ፣ ነዳጁን ሳይለቁ፣ ከፊት የሚመጣ ትልቅ መኪና አልፎ እስኪያበቃ ጠብቆ ነው የሚታለፈው። ከወጡ በኋላ ፍሬኑን ደጋግሞ በቀስታ መርገጥ፣ እስኪደርቅ። ባለፈው ሳምንት ባጃጆች ከኋላዬ ጥሩምባ እየነፉ ጃንጥላዬን ውኃው ውስጥ ተከልኩት፤ ከላይኛው መስመር አለፈ፤ መኪናዬን አዙሬ ተመለስኩ።

ዓርብ የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ድረሱ። ለጁምዓ ሲወጡ በሩን ቆልፈው ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ነው የሚሄዱት።