«ቀጥታ ላሊበላ» ለሚል ደላላ ቀብድ አትስጡ

ከጎንደር ተነስታችሁ ለገና ላሊበላ ለመሳለም ያሰባችሁ፣ ወይም ገናን እዚያ አክብራችሁ ለጥምቀት ጎንደር ለመግባት የምትፈልጉ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። ልደት ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11። መሃሉ ሁለት ሳምንት እንኳ ስለማይሞላ ሁለቱን በዓል በአንድ ጉዞ የሚያያይዝ ሰው ብዙ ነው። ደላሎቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ማታ፣ መናኸሪያው ከተዘጋ በኋላ፣ ሆቴል በር ላይ አንድ ልጅ ይጠጋችኋል። ትሁት ነው። «ላሊበላ ቀጥታ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንወጣለን፣ ሁለት ወንበር ብቻ ነው የቀረን» ይላል። ሦስት ከሆናችሁ ደግሞ ሦስት ይቀራል። ቀጥሎ «ወንበሩን እንዳልሰጥባችሁ ቀብድ በቴሌብር ጣል አድርጉልኝ» ይመጣል። አንዳንዱ ግማሹን፣ አንዳንዱ ሙሉውን ይጠይቃል። ደረሰኝ የለም። የመኪናውን ታርጋ ስትጠይቁት «ጠዋት ታዩታላችሁ» ነው መልሱ።

ይህን ዋጋ የምትከፍሉት ላሊበላ ድረስ ነው። መኪናው የሚያደርሳችሁ ግን ብዙ ጊዜ ጋሸና ነው፣ ካልቀናችሁም ወረታ።

ለምን እንደሆነ መንገዱን ያየ ይገባዋል። ከጎንደር ላሊበላ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መጀመሪያ በባሕር ዳሩ አስፋልት እስከ ወረታ ትወርዳላችሁ። ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በንፋስ መውጫና በፍላቂት አድርጎ ጋሸና ይደርሳል። ሰዉ «የቻይና መንገድ» የሚለው ይህ ነው። መንገዱ ከጋሸና ወደ ወልድያ ይቀጥላል። ላሊበላ የሚገባ ግን እዚያ ተገንጥሎ ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። እንግዲህ አስቡት፦ ሾፌሩ አብዛኛውን ሰው የጫነው ለወልድያ ከሆነ፣ ለእናንተ ለሦስት ሰው ብሎ 60 ኪሎ ሜትር ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር ሊመለስ ነው? ነዳጁን ማን ይችለዋል? ስለዚህ ጋሸና ላይ ለሌላ መኪና ይሸጣችኋል።

ጋሸና ላይ ሽያጩን ቆሜ አይቻለሁ። መገንጠያው ላይ አንድ ሚኒባስ ቆመ። ረዳቱ ወርዶ ዕቃ ከጣሪያ ማውረድ ጀመረ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አንዲት እናት «ደረስን እንዴ ልጄ?» ሲሉት «አዎ እማማ፣ ከዚህ ያቺ ነጯ መኪና ታደርስዎታለች፣ ሂሳብ ተነጋግረናል» አላቸው። ሚኒባሱ አቧራውን አስነስቶ ወደ ወልድያ ሄደ። የነጯ መኪና ረዳት ደግሞ ገና ሳይቀመጡ «ሂሳብ!» አለ። «ተከፍሏል» ቢሉት «ለእኔ ማንም ምንም አልሰጠኝም» ብሎ ድርቅ አለ። ቀብድ ወደተላከበት ስልክ ቢደወል ዝግ ነው። በመጨረሻ ሁሉም በድጋሚ ከፈለ። ምን ያድርጉ? ጋሸና በታኅሣሥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሲመሽ ደግሞ ወደ ላሊበላ የሚገባ መኪና እንደ ልብ አይገኝም። ረዳቱም ይህን ያውቃል።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህም ይብሳል፣ ደርሶ መልስ ነው። «ሄዳችሁ ስትመለሱ መኪና ከምታጡ አሁኑኑ የሁለቱንም ክፈሉ፣ ቅናሽ አደርጋለሁ» ይሏችኋል። አትክፈሉ። ታኅሣሥ 28 ላሊበላ የገባው ሕዝብ ከበዓሉ ማግስት አንድ ላይ መውጣት ይፈልጋል። በዚያን ቀን ወንበር ወርቅ ነው። የእናንተን ሂሳብ ቀድሞ የበላ ሾፌር ያንኑ ወንበር ለሌላ ሰው በእጥፍ ሲሸጠው የሚከለክለው የለም። ሰበብም አያጣም። የልደት ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ግማሹ ከላይ ግማሹ ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲያዜሙ እሱ «ተነሱ፣ መኪናው ሊወጣ ነው» ብሎ ይደውላል። ለዚያ ዜማ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ሰው ጥሎ እንደማይወጣ ያውቃል። ዘግይታችሁ ስትደርሱ «ጠራናችሁ፣ ቀራችሁ» ይላል። ዘዴዋ ሳታስቀኝ አልቀረችም፣ ገንዘቡ ግን አያስቅም።

እንዴት እንሂድ ታዲያ ለምትሉ፣ የእኔ ምርጫ መንገዱን ቆራርጦ መሄድ ነው። ጎንደር መናኸሪያ በጠዋት ግቡ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ። ተራ የያዘ መኪና ውስጥ ግቡ። እስከ ወረታ ወይም ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ጋሸና፣ ከዚያ ላሊበላ። ለእያንዳንዱ ስትሳፈሩ ትከፍላላችሁ፣ የሚከፈለውም ለምትሄዱበት ብቻ ነው። መውረድ መውጣቱ ያደክማል፣ አልዋሽም። ሻንጣ የበዛበት ሰው ይማረራል። ግን መናኸሪያ ውስጥ ታሪፍ አለ፣ ተራ አስከባሪ አለ፣ ስምሪት ክፍል አለ። መኪናው ሲወጣ ማን እንደሆነ ይታወቃል። በበዓል ሰሞን ታሪፉ ላይ ቢጨመርም እንኳ የሚጠየቅ ሰው አለ። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ ነዳጅ በተነካ ቁጥር ስለሚቀየር ነገ ውሸታም ያደርገኛል።

አንድ ቀን ማቋረጥ የምትችሉ ከሆነ ደብረ ታቦር ማደር ጥሩ ነው። ከተማው አልጋ አለው፣ በጠዋት ስትነሱ ደግሞ ጋሸና በብርሃን ትደርሳላችሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሚነሳ መኪና ግን ራቁ። በጨለማ ያን ዳገትና ጠመዝማዛ መውጣት ይቅርና፣ በነዚህ በቅርብ ዓመታት መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የኖረው። ከመነሳታችሁ በፊት የዚያኑ ቀን ከወረታ ወይም ከጋሸና የገባ ሾፌር ጠይቁ። ደላላው «ሰላም ነው» ማለቱ ዋጋ የለውም፣ እሱ አብሯችሁ አይሄድም። መታወቂያ በኪሳችሁ ይሁን፣ አለዚያ ኬላ ላይ እሱን ፍለጋ ሻንጣ ስትፈቱ ሰው ሁሉ ይጠብቃችኋል።

ብዙ ሆናችሁ፣ በተለይ ሽማግሌና ሕፃን ካለ፣ ኮንትራት መያዝ ይሻላል። እዚህም ግን «ኮንትራት ይህን ያህል» ብቻ ሰምታችሁ እጅ አትምቱ። ነዳጁ የማን ነው? የሾፌሩ አልጋና አበል ውስጡ ነው ወይስ ላሊበላ ስትደርሱ ይጨመራል? መንገድ ተዘግቶ ብንመለስ ስንት ይታሰባል? መኪናው እዚያ ቆሞ ይጠብቃል ወይስ ሌላ ሥራ ይሠራል? እነዚህን ሁሉ በወረቀት አስፍሩና ሾፌሩ ራሱ ይፈርም፣ ደላላው አይደለም። ሊብሬውንና መንጃ ፈቃዱን በስልካችሁ አንሱ። ታርጋው ኮድ 2 ከሆነ የግል መኪና ነው፣ ሰው አስከፍሎ ለመጫን ፈቃድ የለውም። ትራፊክ ካስቆመው መሃል መንገድ ላይ የምትቀሩት እናንተ ናችሁ። ክፍያ ግማሽ ስትነሱ፣ ግማሽ ላሊበላ ከተማ ስትወርዱ። በዚህ ያልተስማማ ሾፌር ካለ ሌላ ፈልጉ፣ በዓሉ ሳምንት ከቀረው አይጠፋም።

ቀብድ አስቀድማችሁ የላካችሁ ካላችሁ፣ የቴሌብር መልእክቱን አታጥፉ፣ የተቀባዩ ስምና የግብይት ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ። ጠዋት መኪናው ሲመጣ ሳትገቡ በፊት ታርጋውን አንስታችሁ፣ ሾፌሩን «ላሊበላ ድረስ ተከፍሎሃል ወይ?» ብላችሁ ሰው ፊት ጠይቁት። «አልተከፈለኝም» ካለ አትሳፈሩ፣ መልእክቱን ይዛችሁ መናኸሪያው ስምሪት ክፍል ሂዱ፣ ካልሆነም ፖሊስ ጋ። ጋሸና ደርሳችሁ ከሆነ የነቃችሁት፣ ዕቃችሁ ከጣሪያ ከመውረዱ በፊት ተከራከሩ። አንዴ ከወረደ በኋላ ሚኒባሱ አይጠብቃችሁም።