ሁለት ዓይነት ፈረስ በአንድ መስኮት፦ በአዳማ አንድ የውርርድ ቤት

መሐል አዳማ ከሚገኙት የውርርድ ቤቶች በአንዱ ለስድስት እሑዶች ተመላልሼ የፈረስ ውድድር ትኬት ቆርጫለሁ። ቤቱ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የሚኖረው በእግር ኳስ ቢሆንም፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት አራት ስክሪኖች ሁለቱ ለፈረስ የተመደቡ ናቸው። አንደኛው በኮምፒውተር የሚፈጠር የግልቢያ ውድድር በየ3 ደቂቃው ያሳያል፤ ሁለተኛው ከፈረንሳይ በቀጥታ የሚተላለፍ የጋሪ ፈረሶች ውድድር ነው። ሁለቱም በአንድ መስኮትና በተመሳሳይ ትኬት ስለሚሸጡ ብዙ ሰው አንድ ነገር ይመስሉታል። የቤቱን ስም የተውኩት የማነሣቸው ጉድለቶች የእሱ ብቻ ስላልመሰሉኝ ነው።

የጋሪው ውድድር በክረምታቸው ወራት በአብዛኛው የሚመጣው ከፓሪስ ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ ከቫንሴን ሜዳ ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና በጥር ወር መጨረሻ በ2,700 ሜትር ርቀት የሚካሄደው ፕሪ ዳሜሪክ የተባለው ታላቅ የጋሪ ፈረሶች ውድድር የሚሮጠውም እዚያው ነው። ፈረሱ ባለ ሁለት ጎማ ቀላል ጋሪ ይጎትታል፤ ነጂው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ከጭራው ሥር ይቀመጣል። ዋናው ሕግ ግን አንድ ነው፤ ፈረሱ መሮጥ ያለበት በሶምሶማ ብቻ ነው። ሶምሶማውን ለቆ ሽምጥ ከጋለበና ቶሎ ወደ ሶምሶማው ካልተመለሰ ቀድሞም ቢሆን ከውድድሩ ይሰረዛል።

ይህን ሕግ ያወቅሁት ገንዘቤን ከፍዬ ነው። በሦስተኛው እሑድ 50 ብር ያስያዝኩበት ፈረስ የመጨረሻውን ኩርባ ሲዞር ከሁሉም ቀድሞ ነበር፤ ወዲያው አካሄዱ ተዛባ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ዘለለ፣ ነጂውም ወደ ውጭ አወጣው። ቤቱ ውስጥ ጩኸት ሆነ። «ተበላን፣ አስቁመውት ነው» ያሉ ወጣቶች መስኮቱን ከበቡት፤ ትኬት ቆራጯ ልጅ በትሕትና ብታስተናግዳቸውም «ሲስተሙ ተሰርዟል ይላል» ከማለት በቀር የምትነግራቸው አልነበራትም። ነገሩን ያበረዱት ጥግ ላይ ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡ፣ ባጃጅ ከተማውን ሳይሞላው በፊት ለረጅም ዓመታት ጋሪ የነዱ አንድ አባት ናቸው። «ልጆቼ፣ ሶምሶማውን ለቆ ጋለበ እኮ! ጋሪ የጫነ ፈረስ ሲጋልብ እኛም ልጓም እንይዛለን» አሉ። ትኬት ሲቆርጡ አይቻቸው አላውቅም፤ የሚመጡት ፈረሶቹን ለማየት ነው።

ማታ ስልኬን ስመረምር የፈረሱን ያለፉ ውጤቶች አገኘሁ። በፈረንሳይ የውድድር ጋዜጦች ላይ ከፈረሱ ስም ጎን ያለፉት ውጤቶቹ በቁጥርና በፊደል ይደረደራሉ፤ የተሰረዘበት ውድድር «ዲ» በምትባል ፊደል ይጠቆማል። የእኔ ፈረስ ካለፉት አምስት ውድድሮቹ በሁለቱ «ዲ» ነበረበት። እንግዲህ ትልቁ ቅሬታዬ ይህ ነው፦ ቤቱ የሚያሳየው ቁጥር፣ ስምና ኦድ (ፈረሱ ካሸነፈ ያስያዙት ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር) ብቻ ሲሆን፣ ሰው አመዛዝኖ እንዲያስይዝ የሚያስችለውን መረጃ በአንድ ገጽ ወረቀት እንኳ አትሞ አይለጥፍም። አንድ ወረቀት ግድግዳው ላይ ቢኖር ኖሮ ያን ቀን 50 ብሬን ለሌላ ፈረስ እሰጥ ነበር፤ ጩኸቱም ባልተነሣ።

 

ወደ ኮምፒውተሩ ፈረሶች ስንመጣ ነገሩ ይለያል። በምስሉ ላይ የሚጋልቡት ቶሮብሬድ የሚባለውን ዘር እንዲመስሉ ተደርገው የተሣሉ ናቸው። እውነተኛው ቶሮብሬድ በ17ኛው መጨረሻና በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ ከገቡ ሦስት የምሥራቅ ድንጉላዎች በአባት በኩል የሚወለድ፣ የትውልድ መዝገቡ የተጠበቀ ፈረስ ነው። በእሱ ላይ የሚያስይዝ ሰው ርቀቱን፣ የሜዳውን እርጥበት፣ የሚሸከመውን ክብደትና የጆኪውን (የጋላቢውን) ችሎታ ያያል። የስክሪኑ ፈረስ ግን ትናንት የለውም፤ ከስሙ አጠገብ የሚታዩት ኮከቦች ኦዱን በሌላ መልክ ከመድገም ያለፈ አይነግሩንም። እጣ ነው፤ ሎተሪ መሆኑ ተነግሮ ቢሸጥ ቅር አይለኝም ነበር።

ዋጋውን ለማወቅ አንድ ውድድር መርጬ አሰላሁ። የስድስቱ ፈረሶች ኦድ 2.8፣ 4፣ 5፣ 6.5፣ 9 እና 12 ነበር። የትኛውም ቢያሸንፍ 100 ብር እንዲመለስልኝ በስድስቱም ላይ እያከፋፈልኩ ባስይዝ የምከፍለው 115 ብር ከ54 ሳንቲም ይሆናል፤ ቤቱ ከሚቀበለው 100 ብር ውስጥ 13 ብር ከ45 ሳንቲም ያህል ያስቀራል ማለት ነው። ይህ በራሱ ከሌላ አገር የፈረስ ውርርድ ጋር ሲነጻጸር የተጋነነ አይደለም። የሚጎዳው ፍጥነቱ ነው። በየ3 ደቂቃው በትንሹ 10 ብር የሚያስይዝ ሰው በሰዓት 20 ጊዜ 200 ብር ያንቀሳቅሳል፤ በአማካይም በየሰዓቱ 27 ብር ገደማ ትቶ ይወጣል። ከቫንሴን በሚመጣው ግን በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ረዘም ያለ ጊዜ ስላለ ሻይ ጠጥቶ ማሰብ ይቻላል።

ሴክሬታሪያት የተባለው የአሜሪካ ፈረስ በ1973 እ.ኤ.አ. በአገሩ የቤልሞንትን የግልቢያ ውድድር በ31 የፈረስ ርዝመት ልዩነት ሲያሸንፍ ለ2 ዶላር ትኬት የተመለሰው 2 ዶላር ከ20 ሳንቲም ብቻ ነበር፤ ከ5,600 በላይ አሸናፊ ትኬቶችም ገንዘባቸው ሳይወሰድ ለመታሰቢያ ቀርተዋል። እኔ በሄድኩበት ቤት ወለል ላይ የሚረገጡትን ትኬቶች ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል።

የቤቱ በጎ ጎንም አለ። ትኬቱ ላይ የታተመው ኦድ ውድድሩ እስኪጀምር ቢቀየርም ለቆራጩ እንደ ጸና ይቆያል፤ ሁለት ጊዜ ሳሸንፍም ክፍያው ወዲያው በእጄ ገብቷል። ወረቀቱ ግን በአዳማ ሙቀት ኪስ ውስጥ ሁለት ቀን ከዋለ ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ ያሸነፈ ሰው ትኬቱን በስልኩ ፎቶ ቢያነሣው ይሻለዋል። አንዱ ማራገቢያ ለስድስት አግዳሚ ወንበር አይበቃም። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ በአንድ የሥራ ቀን ለክፍያ ስሄድ የደንብ ልብስ የለበሰ ተማሪ ዕድሜው ሳይጠየቅ በኮምፒውተሩ ፈረስ ላይ ሲያስይዝ ማየቴ ነው፤ ለትኬት ቆራጯ ልጅ ስነግራት «ታዝዞ መጥቶ ነው» አለችኝ።

ለጋሪው ውድድር ከአምስት ሦስት፣ ለኮምፒውተሩ አንድ እሰጣለሁ። መሄድ የሚፈልግ ሰው እሑድ ከሰዓት ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ የፈረሶቹን ያለፉ ውጤቶች መኖሪያ ቤቱ ሆኖ አንብቦ ይሂድ፤ ከጥጉ ያሉት አባት አጠገብ ቦታ ካገኘም ይቀመጥ።