«ዝናብ አይደፍረውም» ተብሎ የሚሸጠው የመኪና ፎቶ ፍሬም፦ ከመክፈላችሁ በፊት አንዴ አንብቡኝ

መኪና ላይ የሚገጠም፣ «ዝናብም ፀሐይም አይደፍረውም» የሚባል የፎቶ ፍሬም ለማሠራት የምታስቡ ካላችሁ፣ ክፍያውን ትንሽ አቆዩትና ይህችን አንብቡ። እኔ ከፍዬ፣ ተቀብዬ፣ ገጥሜ፣ በመጨረሻም አስፋልት ላይ ሲንከባለል በስፖኪዮ አይቼዋለሁ።

ፎቶ አንሺ ነኝ። ዕቃዬን የምጭንባት ቫን አለችኝ። ጎኗ ላይ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ ሰቅዬ፣ በየወሩ እየቀያየርኩ ሥራዬን ላሳይባት ፈለግኩ። «ስቲከር ለጥፈህ አትገላገልም?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ስቲከር ይላጣል እንጂ እንደ ፎቶ አይቀያየርም ብዬ መለስኩ። አሁን ሳስበው ሰዎቹ ልክ ነበሩ።

ሻጩ በትዕዛዝ ነድፎ የሚሠራ ነው። ማስታወቂያው ያምራል። ፍሬሙ መኪና ላይ ተገጥሞ፣ የዝናብ ጠብታ በላዩ ሲንሸራተት ይታያል። ሥሩ «አይፒ 67፣ ሙሉ በሙሉ ውሃ የማያስገባ» ይላል፤ ቀጥሎም «እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ የሚሸከሙ 4 ማግኔቶች» ይላል። 4 ጊዜ 20 ሰማንያ፤ ፍሬሙ 3 ኪሎ አይሞላም። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ አሉኝ፣ ከፈልኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ምስሉን አጉልቼ ሳየው የመኪናዋ ጎማ ያረፈበት አስፋልት ደረቅ ነው። ዝናቡ ፍሬሙ ላይ ብቻ ነው የዘነበው። በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ነበር። በዚህ ሙያ እንጀራ እየበላሁ የተቀነባበረ ፎቶ አሞኘኝ፤ ይኼን መጻፉ ራሱ ያሳፍራል።

የመጀመሪያው ሳምንት ፀሐይ ስለነበር በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ጣለ። በማግስቱ ጠዋት ወደ መኪናዬ ስሄድ ፎቶው የለም። ማለቴ አለ፤ ግን አክሪሊኩ (ፎቶውን የሚሸፍነው መስታወት መሳይ ፕላስቲክ) ከጀርባው ጉም ለብሶ ወተት መስሏል። በጣቴ አሸሁት፣ ከውጭ ደረቅ ነው። የታችኛው ጠርዝ ላይ አንዲት ቀጭን የውሃ መስመር ተኝታለች። መኪናዋን በትከሻዬ ገፋ ሳደርጋት፣ መስመሯ እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ትመላለሳለች።

ደወልኩ። «ጤዛ ነው፣ ራሱ ይደርቃል፤ ካልሆነ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ክተትበት» አለኝ። ከተትኩ። ፍሬዎቹ ሲደርቁ ሰማያዊ፣ ሲጠግቡ ሮዝ የሚሆኑት ዓይነት ናቸው። በ2 ቀን ሮዝ ሆኑ። ከረጢቱ የሚሠራው ውሃ መግባቱን ላቆመ ዕቃ ነው፤ ለሚያፈስ ዕቃ በወንፊት ውሃ እንደመቅዳት ነው።

ውሃው እንዴት ገባ የሚለውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ዋናው ነገር ግን እዚህ ላይ ስለሆነ ታገሡኝ። ዙሪያውን በሲሊኮን የተደፈነ ፍሬም በውስጡ አየር ይይዛል። መኪናዋ ፀሐይ ላይ ቆማ ውስጡ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ያ አየር በ14 በመቶ ገደማ መስፋፋት ይፈልጋል። መውጫ ከሌለው በጣም ደካማ በሆነችው ስፌት በኩል ይተነፍሳል። ከዚያ ዝናብ በድንገት ይመጣና ፍሬሙን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ ይኮማተራል፣ ፍሬሙ በዚያችው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይስባል። በዚያ ሰዓት ቀዳዳዋ አፍ ላይ ያለው ደግሞ አየር አይደለም፣ ውሃ ነው። ዝናቡ ገፍቶ ገባ ስንል ፍሬሙ ራሱ እየጠጣው ነው። ስለዚህ «ምንም ቀዳዳ የለውም» ብሎ የሚኩራራ ሻጭ ስታገኙ፣ የምትገዙት ያንኑ ጥፋት ነው። በደንብ የታሰበበት ፍሬም ከታች በኩል ውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉት፣ ስፋታቸውም 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ በጣም ከጠበቡ ውሃው ራሱ ጠብታ ሠርቶ ይደፍናቸዋል። የሞባይልና የመኪና መብራት ሠሪዎች ደግሞ አየር የሚያሳልፍ፣ ውሃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያደርጉበታል።

ስለ አይፒ 67ም ልንገራችሁ። ቁጥሩ የመጣው ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለኤሌክትሪክ ዕቃ ሽፋን ካወጣው 60529 ከሚባለው ደረጃ ነው። የመጀመሪያው 6 አቧራ አይገባም ማለት ነው። ሁለተኛው 7 ዕቃው 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተቀምጦ ይፈተናል ማለት ነው። የተኛ ውሃ ውስጥ፣ ዝም ብሎ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 7 ከ5 ስለሚበልጥ በ5 የሚፈተነውንም ያለፈ መስሎት ነው። አይደለም። 5 ማለት በ6.3 ሚሊ ሜትር አፍ በደቂቃ 12.5 ሊትር የሚረጭ ውሃን መቋቋም ነው፤ 7ትን ያለፈ ዕቃ ይኼንን ያልፋል ተብሎ አይታሰብም፣ ካለፈ ሁለቱም ቁጥር ለየብቻ ይጻፍለታል። መኪና ደግሞ ኩሬ ውስጥ አትቀመጥም፣ ላቫጆ ነው የምትገባው። የእኔ ፍሬም ላቫጆ በገባ ቀን ልጁ ውሃውን ከታች ወደ ላይ ሲለቅበት፣ ፎቶው ከጥጉ ጀምሮ ዓይኔ እያየ ጠቆረ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይኼ ቁጥር ስለ ንዝረት፣ ስለ ፀሐይና ስለ ነፋስ የሚናገረው ነገር የለም። የፈተና ወረቀቱን ላክልኝ ብዬ 3 ጊዜ ጠይቄ አንድም ጊዜ አልመጣም።

ያን ቀን ማታ ካቻቪቴ ይዤ ጀርባውን ከፈትኩት። የኋላ መክደኛው ኤምዲኤፍ የሚባለው የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው፣ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፍሬም የሚሆነው። ውሃ ጠጥቶ ጠርዙ እንደ ተነከረ ዳቦ አብጧል። ጓርኒሲዮን ነው የተባለው ነገር የሶፋ ስፖንጅ ነው፤ ስጨምቀው ውሃ ወረደ። ለዚህ ሥራ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የማይገናኙ ጥብቅ የጎማ ስፖንጅ ነው የሚያስፈልገው፤ በአፋችሁ ነፍታችሁ አየር ካሳለፈ አይሆንም። ሲሊኮኑ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። የሚሸተው ሲደርቅ አሲድ የሚለቀው ዓይነት ነው፣ ብረትን ይበላል። ሽታ የሌለው፣ «ኒውትራል» የሚባለው ሌላ አለ። ቪቶቹ ተራ ብረት ስለሆኑ ከእያንዳንዳቸው ሥር ቡናማ የዝገት እንባ ፎቶዬ ላይ ወርዷል። ፎቶው ተራ ወረቀት ላይ የታተመ ነው፤ ይኼኛው የእኔ ጥፋት ነው፣ ግን «የፈለግከውን ወረቀት ተጠቀም» ያለኝም እሱ ነው።

አክሪሊኩ ላይ ደግሞ በስተቀኝ ካለው የላይኛው ቀዳዳ የጀመረ፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አገኘሁ። ማንም አልመታውም። አክሪሊክ ሲሞቅ ፍሬሙ ከተሠራበት ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ገደማ ይረዝማል። 60 ሴንቲ የሚሆን አክሪሊክ በሌሊቱ ብርድና በቀኑ ሙቀት መካከል 50 ዲግሪ ቢለያይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘረጋል፤ ተመሳሳዩ አሉሚኒየም 0.7 ብቻ። ቀዳዳው ቪቴውን ጥብቅ አድርጎ ከያዘ ያ ልዩነት የሚሄድበት ስለሌለ ይሰነጠቃል። ቀዳዳውን ከቪቴው ሰፋ አድርጎ በስቶ የጎማ ሮንዴላ ማግባት ብቻ ነበር የሚጠበቀው። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ በትራፓኖ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አውርጄ መጣል ነበረብኝ። አልጣልኩም። መክደኛውን አድርቄ መልሼ ገጠምኩት፤ ገንዘብ ያወጣሁበት ነገር ስለሆነ አሳሳኝ። አንድ ቀን ረጅም መንገድ ላይ ሳለሁ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በተቃራኒው እየከነፈ አለፈኝ፤ ያ የአየር ግፊት ቫኗን ወዘወዛት። «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በስፖኪዮ ሳይ ፍሬሙ በጠርዙ ቆሞ እየተሽከረከረ ነው፤ ከኋላዬ የነበረው ሞተረኛ ወደ ጠርዝ ጥምዝዝ ብሎ ለጥቂት ሳተው። ቆሜ ይቅርታ ልለው ስወርድ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰውየው ምንም አላለኝም። ፍሬሙን በእግሩ ወደ ዳር ገፋው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ።

20 ኪሎ የተባለው ማግኔት ምን ሆነ? ውሸት እንኳን አይደለም። 20 ኪሎው የሚለካው ወፍራምና ቀለም የሌለው ብረት ላይ ተጣብቆ፣ ቀጥታ ወደ ራስ ሲሳብ ነው። ወደ ታች ለመንሸራተት ግን የዚያ አንድ አምስተኛ እንኳን ሊበቃው ይችላል። የመኪና ላሜራ ደግሞ ውፍረቱ 0.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ቀለም አለው፣ ጎኑም ጎበጥ ያለ ስለሆነ ማግኔቱ ሙሉ ፊቱን አያሳርፍም። በዚህ ላይ ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሲያልፍ ጉልበቱን ለዘለቄታው እያጣ ይሄዳል፤ ጥቁር ላሜራ ፀሐይ ላይ ሲውል ወደዚያ መጠጋቱ አይቀርም። ቦዲው አሉሚኒየም ወይም ፋይበር ከሆነ ጭራሽ አይይዝም።

የነፋሱን ነገር ከሻጩ ጋር ስንነጋገር አንዴም አላነሳነውም፤ የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፊቱን ለነፋስ የሰጠ 60 በ40 የሆነ ሰሌዳ ላይ ከ11 እስከ 14 ኪሎ የሚሆን ግፊት ያርፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ከተማ ውስጥ በ50 እየነዱ «ፍንክች አላለም» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ጎን ላይ ሲሆን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ግን በፍሬሙና በጎበጠው በር መካከል ክፍተት ካለ አየሩ ገብቶ እንደ ጥፍር ይፈነቅለዋል።

እንግዲህ የግድ ማሠራት ያለበት ሰው ካለ፣ ለሻጩ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቡለት፦ «ውሃው በየት በኩል ነው የሚወጣው?» «አይገባም» ካላችሁ ተሰናበቱት። ከታች ቀዳዳዎቹን ካሳያችሁ ወሬውን መቀጠል ይቻላል። ፎቶውን በ3 ሚሊ የአሉሚኒየም ኮምፖዚት ሰሌዳ (በሁለት ስስ አሉሚኒየም መካከል ፕላስቲክ ያለው) ላይ አሳትሙና ከፀሐይ የሚከላከል ላሚኔሽን አስለብሱት፤ እንዲህ ከሆነ አክሪሊኩ ራሱ አያስፈልግም፣ ውሃ ቢነካውም ግድ የለም። አሠሪው ፖርቶመጋላ ላይ ወይም ቦዲው ላይ በማይዝግ ቡሎንና ናይለን ባለው ዳዶ ይሰር። ስፕሪንግ ሮንዴላ በቂ ነው የሚላችሁን አትመኑ። ጌርሃርድ ዩንከር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1969 እ.ኤ.አ. ቡሎንን የሚያላላው ወደ ጎን የሚያንቀሳቅሰው ንዝረት መሆኑን በመፈተኛ መሣሪያ ካሳየ ቆይቷል፤ የመኪና ንዝረት ደግሞ ይኸው ነው። ሁሉም ቢላላ እንኳን እንዳይበር በቀጭን የሽቦ ገመድ ይታሰር። ጥጎቹም ይክበቡ፤ ለአነስተኛ መኪኖች የውጭ አካል የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 26 የወጣ ጠርዝ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ክብነት እንዳይኖረው ይከለክላል። የእኔው ፍሬም ጥግ ስንት እንደነበር የሚያውቀው የሞተረኛው እግር ሊሆን ምንም አልቀረውም። የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም ጭነት መንገድ ላይ እንዳይወድቅ፣ መብራትና ሰሌዳ ቁጥር እንዳይሸፍን ይላል። ቢወድቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው አሽከርካሪው ነው።

ገንዘቤን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በትዕዛዝ የተሠራ ዕቃ አይመለስም። ሁለተኛ፣ ዋስትናው «አግባብነት የሌለው አጠቃቀምን» አይሸፍንም። አግባብነት የሌለው አጠቃቀሜ ምን እንደሆነ ብጠይቅ፣ በደረሰኙ ጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አሳየኝ፦ «በእንቅስቃሴ ላይ ላለ ተሽከርካሪ አይመከርም»። የመኪና ፍሬም ነው እንግዲህ። ደረሰኝ የሚገላበጠው ከመክፈል በፊት መሆኑን የተማርኩት በዚህ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያም ከግማሽ በላይ አትስጡ፣ ቀሪውን ዓይናችሁ እያየ ላቫጆ ገብቶ ሲወጣ።

አሁን ቫኗ ስቲከር ለብሳለች። ባለፈው ሳምንት ሻጩ መልእክት ላከልኝ፦ አዲስ ሞዴል ወጥቷል፣ አይፒ 68 ነው፣ ለነባር ደንበኛ ቅናሽ አለው። ምስሉን አጉልቼ አየሁት። በዚህኛው አስፋልቱን አርጥበውታል። የመኪናዋ ጣሪያ ግን ደረቅ ነው።