ናይሰር ቴሌስኮፕ፦ በኒውትሮን ኮከብ ሆድ ውስጥ ኳርክ ለሚፈልግ ሰው

በቀጥታ ልናገር። የኒውትሮን ኮከብ (ግዙፍ ኮከብ ሞቶ የሚተወው እጅግ የታመቀ ቅሪት) እምብርት ላይ ኳርክ ቁስ፣ ማለትም ኒውትሮኖች ራሳቸው ከተሠሩባቸው ቅንጣቶች የሆነ ቁስ፣ አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ ቀድሜ የምጠቁማችሁ ናይሰር የተባለውን የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ነው። ግን የሚሰጠውንና የማይሰጠውን አውቃችሁ ግቡበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት ወርዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ኳስ ውስጥ ታጭቋል። መሃል ላይ ኒውትሮኖቹ እርስ በርስ ከመጨፍለቃቸው የተነሳ ድንበራቸው ሊጠፋና ውስጣቸው ታፍነው የኖሩት ኳርኮች ሊለቀቁ ይችላሉ። ይህን ምድር ላይ መሥራት አይቻልም። በቅንጣት አፋጣኞች ኳርኮች የሚለቀቁት በአስፈሪ ሙቀት ነው፣ የኮከቡ እምብርት ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ያለው አማራጭ ኮከቡን ከውጭ መለካት ነው፤ ክብደቱና ራዲየሱ ከታወቀ ውስጡ ምን ያህል ግፊት እንደሚቋቋም ይታወቃል።

ናሳ ናይሰርን እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላከው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያህላል። ፎቶ አያነሳም። ሥራው እያንዳንዷ የኤክስሬይ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) የደረሰችበትን ቅጽበት ከ300 ናኖሰከንድ ባነሰ ስህተት መመዝገብ ነው። ይሄ ለምን ይጠቅማል? ኮከቡ ላይ ትኩስ ቦታዎች አሉ፤ በሰከንድ ከ170 ጊዜ በላይ ሲሽከረከር ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ስበቱ ብርሃኑን ስለሚያጥፈው ደግሞ ትኩሱ ቦታ ወደ ጀርባ ዞሮም ብርሃኑ ይታየናል፣ እናም የመታጠፉ መጠን ክብደቱ ከራዲየሱ ጋር ያለውን ምጥጥን ይነግረናል። እኔ በበኩሌ ከዚህ የሚያምር የመለኪያ ዘዴ አላውቅም።

ውጤቱስ? ጄ0030+0451 የተባለው ፑልሳር (እየተሽከረከረ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ የሚልብን ኒውትሮን ኮከብ) ከፀሐይ 1.4 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፣ ራዲየሱ 13 ኪሎ ሜትር አካባቢ ወጣ። ጄ0740+6620 ደግሞ 2.08 እጥፍ ነው፤ አንዱ ቡድን 12.4፣ ሌላው 13.7 ኪሎ ሜትር አለ። ልብ በሉ፣ ክብደቱ ያን ያህል ጨምሮ ኮከቡ አልተጨማደደም! እምብርቱ ልል ኳርክ ነው ለሚሉ ስሌቶች ይሄ ከባድ ምት ነው። ኳርክ የለም ማለት ግን አይደለም፣ ግፊትን አጥብቆ የሚቋቋም ኳርክ ቁስ ከነዚህ ቁጥሮች ጋር በደንብ ይስማማል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ራዲየሱ የሚወጣው የትኩሶቹን ቦታዎች ቅርጽ ገምቶ ነው። በ2024 የዚያኑ የጄ0030 ዳታ እንደገና ሲተነትኑት አንዱ የቅርጽ ግምት 11.7፣ ሌላው 14.4 ኪሎ ሜትር ሰጠ። በኳርክ ጉዳይ የ2.7 ኪሎ ሜትር ልዩነት ቀልድ አይደለም! ሁለተኛው፣ በግንቦት 2023 መከላከያ ሽፋኑ ተቀዶ የፀሐይ ብርሃን ገባበትና የቀኑ ምልከታ ተጎዳ። ጠፈርተኞች በጥር 2025 ወጥተው ለጠፉለት።

ዳታው ለሁሉም ክፍት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም አውርዶ መፈተሽ ይችላል። ከ5 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለቀዳዳው ሳይሆን ለቅርጽ ግምቱ ነው።

የምትጀምሩ ከሆነ ጄ0437-4715 በተባለው ፑልሳር ጀምሩ። ቅርብ ነው፣ ክብደቱ በሬዲዮ ቴሌስኮፕ አስቀድሞ በደንብ ስለታወቀ ግምቱ ይቀንሳል። ራዲየሱ 11.4 ኪሎ ሜትር ወጥቷል፤ በ2017 ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ የተያዘው የስበት ሞገድም ወደ ትንሹ ራዲየስ ስለሚያዘነብል ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው።