ጥጥ ሸራ ብሎ ላስቲክ ሰፋልኝ፤ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህንን አንብቡ

ይህንን የምጽፈው ንዴቴ ገና ሳይበርድልኝ ነው። በዴንቨርና በአውሮራ ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይ አሮጌ መኪና ለምታሳድሱና ወንበር ወይም የሸራ ክዳን ለማሰፋት ለምታስቡ ነው። ቅዳሜ ዕለት በድምሩ 2,400 ዶላር ከፍዬ ለምንም የማይሆን ላስቲክ ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ገንዘቡን ሠርቼ እመልሰዋለሁ። የ80 ዓመቱን ሸራዬን ግን ማን ይመልስልኛል?

ሸራውን የሰፋልኝን ሰውዬ ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በር ድረስ ወጥቶ ይቀበላል፣ ትከሻ ለትከሻ ሰላም ይላል፣ የየት አገር ልጅ እንደሆናችሁ ይጠይቃል፣ ቡና ያስቀዳል። ዋጋ ሲነሳ «ጋሼ፣ ከእርስዎ ላይ ምን ላተርፍ ብዬ!» ይላል። ከዚያ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ይሁንልኝ ይላል። ደረሰኝ ሲጠየቅ ቅር ይለዋል፤ «በእኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላል። እኔም አፈርኩና ዝም አልኩ። 1,500 ዶላር ቀብድ ቆጥሬ ሰጠሁት። ከእርሱ በፊት የጠየቅኋቸው ፈረንጆች 3,600 ብለውኝ ነበር፤ የጨርቁን ዓይነት፣ የክሩን ዓይነትና የሚያስረክቡበትን ቀን ጽፈው፣ ናሙና ጨርቅ አያይዘው ሰጥተውኛል። ያ ወረቀት አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ውስጤን ያቃጥለዋል።

መኪናው ኤም 29 ዊዝል ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስቱድቤከር ኩባንያ ኢንዲያና ውስጥ ሳውዝ ቤንድ በሚገኘው ፋብሪካው የሠራው፣ እንደ ታንክ በሰንሰለት የሚሄድ ትንሽ የበረዶ መኪና ነው። መጀመሪያ የታሰበው በጀርመን በተያዘችው በኖርዌይ በረዶ ላይ ለሚደረግ ዘመቻ ነበር፤ ያ ዘመቻ ተሰረዘ፣ መኪናው ግን ተሠራ፣ ወደ 15,000 የሚጠጋ ወጣ። እዚሁ ኮሎራዶ፣ ሌድቪል አጠገብ በነበረው ካምፕ ሄል፣ የ10ኛው የተራራ ክፍለ ጦር ወታደሮች ሠልጥነውበታል። ክብደቱ በሰፊ ሰንሰለቱ ላይ ስለሚዘረጋ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰምጥበት በረዶ ላይ እርሱ ሳይሰምጥ ያልፋል። የብረት ጣሪያ ግን የለውም። ጣሪያው በብረት ቅስቶች ላይ የሚወጠር ሸራ ብቻ ነው።

እኔ የገዛሁት ከስድስት ዓመት በፊት ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ነው። ሞተሩን ከልጄ ጋር ሦስት ክረምት ሙሉ ፈታን፣ አጠብን፣ ገጠምን። ልጄ መፍቻ መያዝ የተማረው በእርሱ ላይ ነው። የቀረን ሸራው ብቻ ነበር። አሮጌው ሸራ ተቀድዷል፣ አንድ ጎኑም ሻግቷል፤ ግን ከፋብሪካ አብሮት የወጣው ነው። በውስጥ በኩል 1944 የሚል የቀለም ማኅተም ነበረበት። ከኋላ በግራ በኩል መዳፍ የምታህል መጣፊያ ነበረች፤ ማን እንደጣፋት የማይታወቅ፣ በነጭ ክር በእጅ የተሰፋች፣ ጥልፎቿ አንዱ ረዘም አንዱ አጠር ያሉ። ብርድ ያደነዘዘው የወታደር እጅ ይሆናል እያልኩ ብዙ ጊዜ በጣቴ ዳስሻታለሁ። የናስ ማያያዣዎቹም እዚያው ላይ ነበሩ። ሸራውን ስሰጠው «ይህ ለልክ ብቻ ነው፤ እንዳትቆርጠው፣ እንዳትጥለው፣ ማያያዣዎቹን ወደ አዲሱ አዛውርልኝ» ብዬዋለሁ። «በአደራ፣ ጋሼ» አለኝ። አደራ የሚለውን ቃል ራሱ ነው ያመጣው።

ጥጥ እንዲሆን አጥብቄ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥጥ ሸራ ውኃ ሲነካው ክሩ ያብጣል፤ ሲያብጥ የሽመናው ቀዳዳ ይደፈናል። የስፌቱ ክርም ጥጥ፣ ቢያንስ ከላይ ጥጥ የለበሰ ከሆነ፣ መርፌው የበሳውን ቀዳዳ አብጦ ይዘጋዋል። ላስቲክ የተቀባ ጨርቅ ግን እንደተበሳ ይቀራል። በዚያ ላይ አይተነፍስም፤ የተሳፋሪው ትንፋሽ ከጣሪያው ሥር ውርጭ ሆኖ ይጋገራል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ አንገት ላይ ይንጠባጠባል። ብርድ ሲበረታ ድርቅ ይላል፣ በታጠፈበት መስመርም ይሰነጠቃል።

ይህንን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። አባቴ በአሰብ መንገድ ፊያት ኤን ትሬ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ነበሩ። መርካቶ ሸራ ሲገዙ ጫፍና ጫፉን ሁለት ሰው ያስይዙና እኔን ከሥሩ ያስገቡኝ ነበር። «ወደ ፀሐይ ቀና በል፤ ስንት ኮከብ ታየህ?» ይሉኛል። ኮከብ የሚሉት በቀዳዳው የሚገባውን የብርሃን ነጥብ ነው። ኮከብ ካየሁ ያ ሸራ አይገዛም። ይህንን እያወቅሁ ነው የተታለልኩት።

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሸራው ተጣጥፎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል። ልክፈተው ስል «እዚህ መዘርጊያ ቦታ የለንም ጋሼ፣ ቤትዎ ገብተው ተዝናንተው ያዩታል» አለኝ። ቀሪውን 900 ዶላር አወጣሁ። ሁለት ጊዜ ቆጠረው፤ ኪሱ ከተተው። እኔ ግን አላስቻለኝም፣ ሲባጎውን እዚያው ፈታሁት። ሽታው ቀድሞ ወጣ። አዲስ የዝናብ ካፖርት ከመጠቅለያው ሲወጣ የሚሸተው ሽታ ነው። ገልበጥ አደረግሁት፤ የውስጡ ፊት ያብለጨልጫል። በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ጥፍሬ ተንሸራተተ።

«ይህ ጥጥ አይደለም» አልኩት።

«ጥጥ ነው ጋሼ፣ የተቀባ ጥጥ ነው።»

ከስፌቱ ጫፍ የተረፈውን ክር ጎትቼ በጠስኩ። ባንኮኒው ላይ ላይተር ነበር፤ አነሳሁና ለኮስኩት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። ይህ ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ጫፉ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጥቁር ጠብታ ሆነ። ሲበርድ ጠጠር ሆነ። መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየሁት።

ያን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። «አንተ ሰውዬ፣ ቤቴን ልታቃጥል ነው የመጣኸው?» አለኝ።

አንተ። ሁለት ወር ሙሉ እርስዎ ሲለኝ የነበረ አፍ፣ ብሩ ኪሱ ከገባ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አንተ አለኝ። ዕድሜዬ የአባቱ ታላቅ ወንድም ያህላል። ከኋላ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጡት ሁለት ልጆች ሳቁ። አንደኛው ቀና ሳይል «ለበረዶ መጫወቻ ነው ይህ ሁሉ?» አለ። ምንም አልመለስኩለትም፤ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር።

እንደምንም «ሸራዬን መልስልኝ» አልኩ።

«የቱን? ያንን ሻጋታ? ማክሰኞ ከቆሻሻው ጋር ሄዷል» አለኝ፣ ስልኩን እያየ።

ማያያዣዎቹስ? አብረው ሄደዋል። አዲሱ ላይ የተመቱት ከብረታ ብረት መደብር የተገዙ ቀጫጭን ቆርቆሮዎች ናቸው።

ቤቴ ወስጄ ቅስቶቹ ላይ አለበስኩት። ከኋላ አንድ ስንዝር ያጥራል። ልጄ ከሥሩ ገብቶ መብራት ከላይ ያዝኩለት፤ በስፌቱ መስመር ሁሉ ነጥብ በነጥብ ብርሃን ቆጠረ። አንድ ባልዲ ውኃ ባፈስስበት ልጁ በሰበሰ።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ሰውየው በእናቴ ቋንቋ ባያናግረኝ ኖሮ ጨርቁን ሳልዳስስ፣ ደረሰኝ ሳልይዝ አንድ ዶላር አልከፍልም ነበር። ፈረንጆቹን በጥያቄ ያፋጠጥኩ ሰው፣ ጋሼ ስባል አእምሮዬን አስቀመጥኩት። ኮሎራዶ ውስጥ እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ ክርክር ያለ ጠበቃ የሚታይበት ችሎት አለ። ግን ምን ይዤ ልቅረብ? ወረቀት የለኝ፣ የባንክ ዝውውር የለኝ፤ ሲቆጥር ያዩት የእርሱ ሠራተኞች ብቻ ናቸው።

እናንተ ደረሰኝ ያዙ። ከጨርቁና ከክሩ ጥቂት ቆርጣችሁ ሥራው ሳይጀመር አቃጥላችሁ እዩ። አሮጌውን ሸራ ከእጃችሁ አታውጡ፤ ልክ የሚወስድ እናንተ ቤት መጥቶ ይውሰድ። ቅስቱ ላይ ወጥራችሁ ሳታዩት ቀሪውን አትክፈሉ።

አንድ ልመና አለኝ። ዊዝል ያለው ወይም ያለውን ሰው የሚያውቅ ካለ፣ የድሮ ሸራውን ርዝመትና ወርድ፣ በተለይ የኋላውን መዝጊያ ልክ፣ ይላክልኝ፤ የተቀደደም ቢሆን መጥቼ ለክቼ እመለሳለሁ። በአውሮራ የቆሻሻ ማመላለሻ ላይ የምትሠሩ ደግሞ፣ ማክሰኞ ዕለት ወይራ የሚመስል አረንጓዴ ሸራ፣ ከኋላ በግራ በነጭ ክር የተሰፋች መጣፊያ ያለችበት፣ ያየ ከእናንተ መካከል ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። የጠየቃችሁኝን እከፍላለሁ።